ከአራት ጣት በታች

በጨፌ ጉቱ ሸለቆ መሬት መቆፈር ከተከለከለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ክልከላው አንቀጽና ቁጥር ያለው ደንብ ሆኖ ይጻፍ እንጂ ነዋሪው የሚያውቀው በእጁ ነው። አራት ጣት ተጋድሞ የሚሸፍነውን ያህል ጥልቀት መንካት ይፈቀዳል፤ ከዚያ በታች ያለው የክሩ ነው። ክሩ የሚባለው ከእጽዋት ሥር ጋር ተጣብቆ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ፣ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዘው ፈንገስ ነው። ወንዙ ከላይ ከነበሩት ፋብሪካዎች ለሁለት ትውልድ ያህል ያወረደው እርሳስና ካድሚየም ዛሬም በአፈሩ ውስጥ አለ። የትም አልሄደም። ወደ ቅጠል የማይወጣው ክሩ በገላው ላይ አጣብቆ ስለያዘው ብቻ ነው፤ ክሩ ሲበጠስ ይለቀዋል።

ኑሮው በዚሁ ልክ ተሰፍቷል። ሰው በአትክልት መደቦች መካከል የሚያልፈው በተነጠፈ ሳንቃ ላይ ነው። ሰላጣ፣ ቃሪያና አደንጓሬ ይመረታል፤ ካሮትና ድንች መሬት ተምሶ የሚወጡ በመሆናቸው አይመረቱም። ምርት በመቀስ ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም። ልጆች መራመድ ሲጀምሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት ሣር አለመንቀልን ነው። ለሠርግ ወይም ለልቅሶ ድንኳን ሲተከል ካስማ አይመታም፤ ድንኳኑ በአሸዋ ከረጢት ተይዞ ይቆማል። ጎመንም የለም። ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ከክሩ ጋር የማይስማሙ ተክሎች ናቸው፤ እሱን ያስርቡታል፣ በአፈሩ ያለውንም ብቻቸውን ስበው ወደ ቅጠላቸው ያወጡታል። ስለዚህ የጨፌ ጉቱ የጾም ገበታ ጎመን አያውቅም፤ ከሠላሳ ዓመት በታች የሆኑት ጣዕሙንም አያውቁት።

ኩምሳ ገመዳ የሸለቆው ሥር አንባቢ ነው። የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል። በየሁለት ወሩ ከእያንዳንዱ መደብ ቀጫጭን ሥሮች በመርፌ ያወጣል፤ በአመድ ውኃ ይቀቅላቸዋል፤ በሆምጣጤ ውስጥ የብዕር ቀለም ጨምሮ ይነክራቸዋል። ቀለሙ ክሩን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ሥሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ መቶ ቦታ ላይ ይመለከታል፤ ከመቶው ሰማያዊ የታየበትን ቆጥሮ ይጽፋል። ለዚህ ሥራ ማሽን ተሞክሮ ነበር፤ የሞተውን ክር ከሕያው መለየት ስላቃተው ተነሣ። ቅጠል ሲመረመር የሚታወቀው ቀድሞ የሆነው ነው፤ ሥር ሲነበብ የሚታወቀው ከወር በኋላ የሚሆነው ነው። ስለዚህ ሸለቆው የሚያድረው በኩምሳ ዓይን ነው። አርባና ከዚያ በላይ ያገኘ መደብ ምርቱ ወደ ከተማው ይወጣል፤ ከአርባ በታች የሆነ ይዘጋል፣ ለሁለት የምርት ዘመን ሣር ብቻ ይበቅልበታል።

በጥቅምት ወር የጫልቱ በዳዳን አንድ መደብ ሠላሳ ዘጠኝ ብሎ ዘግቶታል። ጫልቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አጠገብ ስድስት መደብ ያላት፣ ሁለት ልጆቿን በዚያው የምታሳድግ መበለት ናት። እንዲደግምላት ለመነችው። ደንቡ የሚለው አንድ ጊዜ ነው ብሎ መለሰላት፤ በትክክልም ደንቡ የሚለው እንዲያ ነው።

በታኅሣሥ ወር በአንድ ማክሰኞ ማለዳ የኩምሳ እናት ወይዘሮ ልኬለሽ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። የእድሩ ጡሩምባ እንደ ወጉ በየቤቱ ስልክ ላይ ተነፋ። የሸለቆው ሰው ሲሞት ከሸለቆው ወጥቶ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የከተማው መካነ መቃብር ነው የሚቀበረው፤ መሬት ከተከለከለ ወዲህ ሁሉም የሄደው በዚያ መንገድ ነው። በሐምሌ የወጣው መመሪያ ግን አንድ ነገር ጨምሯል። ከመካነ መቃብሩ የተላከች ወጣት ሴት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች፤ ጫማዋን በደጁ ገንዳ አጥባ ገባች፣ የሬሳውን ከፈን በአክብሮት እስከ ጉልበት ገለጠች፣ የእጅ መብራት የምታህል መሣሪያም በቀኝ ቅልጥማቸው ላይ አሳርፋ ጸጥ ብላ ቆመች። ሁሉም ቆመው ጠበቁ። መሣሪያው ሲያበቃ ቁጥሩን አይታ ከፈኑን መለሰች፤ ለኩምሳም አንድ ወረቀት ሰጠችው።

ወረቀቱ በአጥንታቸው ያለው እርሳስ ከተፈቀደው ልክ በላይ በመሆኑ በመካነ መቃብሩ ሊቀበሩ እንደማይችሉ፣ መካነ መቃብሩ ከከተማው የጉድጓድ ውኃ በላይ የሚገኝ በመሆኑም ውሳኔው እንደማይሻር ይገልጻል። ከታች "ልዩ ቁስ" በሚለው ምድብ ሥር ስማቸው በሙሉ ተጽፏል። ሴትየዋ ለልዩ ቁስ የተዘጋጀ ማቃጠያ መኖሩን፣ መኪናውም ዓርብ ጠዋት እንደሚመጣ በዝግታ አስረዳች። ትሕትናዋ ልባዊ ነበር።

ወይዘሮ ልኬለሽ እርሳሱን ያገኙት ከዚሁ ሸለቆ ነው። ክሩ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ጎመን በወንዙ ውኃ እያጠጡ ያበቅሉ፣ በማለዳ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማው ያወጡ፣ ሳይሸጥ የተመለሰውንም ለቤታቸው ይሠሩ ነበር። አብዛኛው ሳይሸጥ አይመለስም ነበር።

"ጎመኑን ገዝተው የበሉትም ይለካሉ?" አለ ኩምሳ።

ሴትየዋ ጥቂት አሰበች። "መመሪያው አድራሻ ነው የሚያየው፣ ጋሼ" አለችው። ነፍስ ይማር ብላም ወጣች።

እናቱን ለእሳት መስጠት በቤተሰቡም ሆነ በእድሩ ዘንድ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ሌላ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ የጨፌ ጉቱ ጊዮርጊስ ግቢ። ኩምሳ ራሱ የሸለቆውን ደንብ ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋልና በግቢው መቆፈር ፈጽሞ የታገደ አለመሆኑን ያስታውሳል። የእድሩ ጉባኤ ከፈቀደና መደቡ ከግቢው የሚዋሰን ሰው በቃሉ ከተስማማ አንድ ጉድጓድ ሊቆፈር ይችላል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቆ አያውቅም። በአንድ ወገን መንገድ፣ በአንድ ወገን ወንዝ፣ በአንድ ወገን የካህናቱ ቤት አለ። በአራተኛው ወገን የጫልቱ መደቦች አሉ።

ጉባኤው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በልቅሶው ድንኳን ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ አቶ መርድ፣ ዝግ ያሉና ቃል የማያባክኑ ሽማግሌ፣ ጉዳዩን በአጭሩ አቀረቡ። ጉድጓዱ ክሩን ይበጥሳል፤ የተበጠሰው በግቢው ውስጥ አይወሰንም፤ ከግቢው የሚጠጉት ሁለት መደቦች በእርግጥ ይጎዳሉ፣ ሌሎቹ ሊተርፉም ላይተርፉም ይችላሉ። ይህን ካሉ በኋላ ወደ ሴቶቹ ወገን ዞረው ቃሉ የጫልቱ ብቻ መሆኑን፣ እምቢ ብትልም ቂም እንደማይያዝባት ተናገሩ።

ጫልቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደተቀመጠች ነበር። ተነሣች።

"ጋሼ ኩምሳ፣ እማማ ልኬለሽን ነፍስ ይማር። የመጀመሪያ ልጄን የተገላገልኩ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ገንፎ ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ነገር የለኝም። ነገሬ ከእርስዎ ጋር ነው። በጥቅምት መደቤን ሠላሳ ዘጠኝ ብለው ዘጉብኝ። ይድገሙልኝ ብል አንድ ጊዜ ነው አሉኝ። አሁን በእናትዎ ሬሳ ፊት አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያ መነጽርዎ ሠላሳ ዘጠኝን ከአርባ ይለያል?"

ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቶታል። ይለያል ካለ ክርክሩ አብቅቷል፤ ጫልቱም ቃሏን የመንፈግ መብት አላት። አይለይም ካለ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የዘጋው መደብ ሁሉ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ከተማው የሸለቆውን ሰላጣ የሚበላው በዚያ ቁጥር አምኖ ነው። ኩምሳ መልሱን መፈለግ አላስፈለገውም። ሥራውን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ለራሱ ለማወቅ ብሎ፣ የአንድን መደብ ሥር ዐሥር ጊዜ ቆጥሮ ነበር። ዝቅተኛው ሠላሳ ስድስት፣ ከፍተኛው አርባ አራት ሆነ። ወረቀቱን አጥፎ ከመሳቢያው ሥር አስቀመጠው፤ ለማንም አልተናገረም።

"አይለይም" አለ።

አቶ መርድ በሚገባ እንዲያስረዳ ጠየቁት።

"አንዱን ሥር ደጋግሜ ብቆጥር አራት ወደ ላይ፣ አራት ወደ ታች ሊሄድ ይችላል። የጫልቱ መደብ አርባ ሦስትም ሊሆን ይችል ነበር፤ ሠላሳ አምስትም። ይህን ካወቅሁ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል።"

ከወደ ኋላ፣ መደቡ ሁለት ጊዜ የተዘጋበት ጉተማ የሚባል ጎልማሳ ሳይነሣ ተናገረ። "እኔን በሠላሳ ስምንት ነበር ያስለቀሱኝ። ሁለት ጎደለኝ እያልኩ ስቆጭ ኖርኩ፤ ለካ የጎደለኝ ዕድል ነው።" ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ልቅሶ ቤት መሆኑን አስበው ወዲያው ተዉት። የከረጢት አሸዋ ከአንዱ የድንኳን ጥግ ቀስ እያለ ሲፈስ ይሰማ ነበር።

ጫልቱ እንደቆመች ኩምሳን ተመለከተችው። የድል ፊት አልነበራትም። ያሰበችው ሌላ መልስ እንደነበረ፣ ለዚያም የተሰናዳ ንግግር እንደነበራት ኋላ ለጎረቤቷ ነግራታለች።

"ቆፍሩላቸው" አለችና ተቀመጠች።

በማግስቱ ረቡዕ የመጀመሪያው ችግር መሣሪያ ሆነ። በሸለቆው ውስጥ ዶማም አካፋም የለም። በመጨረሻ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ ለልጆች ማሳያ ተብለው በመስታወት ከተቀመጡት የቀድሞ ዕቃዎች መካከል፣ አንድ ዶማና ሁለት አካፋ በደረሰኝ ወጡ። እጀታቸው ላይ የተለጠፈው መግለጫ አልተነሣም። በእድሩ ወግ የሚቆፍሩት ራሳቸው እድርተኞቹ ናቸው፤ ስድስት ሰዎች ተመረጡ፣ ሁሉም ከአርባ ዓመት በታች የሆኑ፣ ጉተማም አንዱ። አቶ መርድ በሰጡት ትእዛዝ መጀመሪያ ሣሩን ከነአፈሩ በሰፋፊው ቆርጠው በእርጥብ ጆንያ ላይ ደረደሩት፤ ኋላ እንደነበረ ተመልሶ እንዲገጥም። ይህን በጥሩ ሁኔታ ሠሩት።

ከዚያ በአራት ጣት ጥልቀት ላይ ቆሙ።

ማንም እንዲያቆሙ አላዘዘም። ከስድስቱ አንዱ ጎንበስ ብሎ መዳፉን በጉድጓዱ ውስጥ አጋደመና ለካ፤ ሌላው አካፋውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ፈቃዱ እንዳለ ሁሉም ያውቃሉ። ከካህናቱ አንዱ በጥላ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሬሳው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ፍትሐት እየተደረገለት ነው። ጉተማ ዶማውን ወደ ላይ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ያዘው፣ ከዚያም ቀስ አድርጎ ወደ ጎኑ አወረደው።

"እጄ እምቢ አለኝ" አለ አፍሮ ፈገግ እያለ። ከዚያ ኩምሳን አየው። "አምና ለአምስት ጣት የቀጡኝ እርስዎ አይደሉ?"

ልጅ የእናቱን መቃብር አይቆፍርም። ይህ ከክሩም፣ ከደንቡም የቀደመ ነው፤ የእድር ትርጉሙም ከፊሉ እሱ ነው። ኩምሳ ኮቱን አውልቆ ለአቶ መርድ ሲሰጣቸው ሽማግሌው ክንዱን ይዘው ሊከለክሉት ሞከሩ፤ በጆሮውም አንድ ነገር ተናገሩት። እሱ ግን ዶማውን ከጉተማ ተቀብሎ ወደ ጉድጓዱ ገባ፤ የመጀመሪያውን ምት መታ። አፈሩ ሲቀደድ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች አንድ ላይ የሚበጠሱበት፣ አሮጌ ጨርቅ ሲተረተር የመሰለ ድምፅ ተሰማ። በሳንቃው ላይ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ፊቷን ሸፈነች። ኩምሳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመነጽር ያየውን ነገር እየበጠሰ እስከ ጉልበቱ ወረደ። ያን ጊዜ ጉተማ ገባና አካፋውን ያዘ፤ የቀሩትም ተከተሉት።

ጉድጓዱ ወገብ ሲደርስ ግድግዳው እንደ መጽሐፍ ገጽ ተነባቢ ሆነ። ከላይ ሁለት ስንዝር ያህል ቡናማ፣ ልል፣ በሥር የተሞላ አፈር ነበር፤ ይህ ከክልከላው በኋላ የተሠራው ነው። ከእሱ በታች አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር ንጣፍ መጣ። ሲመታ የቆዳ ፋብሪካ ሽታ ሸተተ፤ ከቆፋሪዎቹ ሁለቱ አፋቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ሠሩ። ወይዘሮ ልኬለሽ ጎመን ያበቅሉባቸው የነበሩት ዓመታት በዚያ ስንዝር ተኩል ውስጥ ናቸው። የግቢው የወይራ ሥሮች ግን ጥቁሩን ሰንጥቀው ወደ ታች አልፈው ነበር። ከጥቁሩ በታች ዶማው የሚያወጣው አፈር በድንገት ተለወጠ፤ ቀይ ሆነ፣ እንደ ጡብ ቀይ፣ ጠጣርና ሽታ የሌለው። ሰዎቹ ሥራ አቁመው ተያዩ። አንዱ ጓል አንሥቶ በጣቱ ፈረከሰና ለሌላው ሰጠው። ከስድስቱ አንድም ሰው የሚኖርበት ሸለቆ ከታቹ ቀይ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ወይዘሮ ልኬለሽ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቀዩ ውስጥ ተቀበሩ። አፈሩ በወጣበት ቅደም ተከተል ተመለሰ፤ ቀዩ ከታች፣ ጥቁሩ በላዩ፣ ቡናማው በላዩ፣ በመጨረሻም ሣሩ። ጫልቱ በራሷ መደብ ዳር፣ በሳንቃው ላይ ቆማ ከሩቅ አየች። ወደ ግቢው አልገባችም።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት በኩምሳ ደጃፍ ላይ በየጠዋቱ ሰዎች ተገኙ። ቀድሞ የተዘጋባቸው መደብ እንዲከፈት የሚጠይቁ ነበሩ። ሁሉንም አስገብቶ አዳመጠ። በሳምንቱ መጨረሻ ለጉባኤው ያቀረበው ጽሑፍ ግን እነሱ የጠበቁት አልነበረም። ዓይኑ በአራት የሚሳሳት ከሆነ አርባ ብሎ የሚጽፈው መደብ በእርግጥ ሠላሳ ስድስት ሊሆን ይችላል፤ ያም ማለት ላለፉት ዓመታት ወደ ከተማው የወጣ ቅጠል ሁሉ የተረጋገጠ አልነበረም። ስለዚህ ሁለተኛ አንባቢ ሠልጥኖ እስኪመጣ ልኩ ከአርባ ወደ አርባ አራት ከፍ እንዲል ጠየቀ። ጉባኤው ለሦስት ሰዓታት ተከራክሮ ተቀበለው። በአዲሱ ልክ የጫልቱ መደብ አልተከፈተም፤ በዚያ ፈንታ ሌሎች ዐሥራ አንድ መደቦች ተዘጉ። ከነሱ አንዱ አርባ ሁለት የነበረው የኩምሳ የራሱ ነው፤ ሌላ መደብ የለውም። እናቱ ካረፉ በአርባኛው ቀን፣ ከጸሎቱ ተመልሶ፣ ከግቢው የሚጠጉትን ሁለቱን የጫልቱን መደቦች አነበበ። ሃያ ስምንትና ሠላሳ አንድ ሆኑ። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ማንም ክርክር አላነሣም፤ ጫልቱም ይደገም አላለችም።

መደብ ሲዘጋ ያለውን ቆርጦ የሚያነሣው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት መጥቶ አብሮ ይቆርጣል። የተቆረጠው አይበላም፣ በተዘጋ ከረጢት ይወሰዳል። የኩምሳ መደብ በሚነሣበት ጠዋት የመጣችው ጫልቱ ነበረች። መቀሷን ይዛ፣ ሰላምታ ሰጥታ፣ በሳንቃው ማዶ ተንበረከከች። ሰላጣው ያማረ፣ ቅጠሉ ሰፊና ጥርት ያለ ነበር።

"እንዲህ ያለው በአርባ ሁለት ይቃጠላል?" አለችው።

"ይቃጠላል።"

ረድፍ በረድፍ ቆረጡ። ፀሐይ ወደ መደቡ ስትደርስ ጫልቱ ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ ያን ዕለት ወደ ጉድጓዱ መቅረብ እንዳልቻለች ተናገረች፤ የራሷ መደብ ሥር ሲበጠስ ማየት ከብዷት ነበር። ታቹ ምን እንደሚመስል ጠየቀችው። ኩምሳ በቅደም ተከተል ነገራት፤ የቡናማውን ውፍረት፣ የጥቁሩን ሽታ፣ የወይራው ሥሮች እንዴት እንዳለፉት፣ በመጨረሻም ቀዩን።

"ቀይ?"

"ቀይ ነው። እስከ ታች።"

"እማማ ያሉት በእሱ ውስጥ ነው?"

"በእሱ ውስጥ ናቸው።"

"ንጹሕ ነው?"

"ንጹሕ ነው" አለ ኩምሳ።

ጫልቱ መቀሷን አቁማ ቀና አለች። "ለክተውታል?"

ኩምሳ በእጁ የያዘውን ሰላጣ በከረጢቱ ውስጥ አስቀመጠ፤ የከረጢቱንም አፍ አስተካከለ።

"አልለካሁም" አለ።

ጫልቱ ጥቂት አየችው። ወደሚቀጥለው ረድፍ ተሻገረች። ከመሬት ሁለት ጣት እያስቀሩ መቁረጣቸውን ቀጠሉ።